ላፕቶፕን በማብሪያ ቁልፉ ማስተኛት፦ በኡቡንቱ ሊኑክስ

ሥራውን በየመሃሉ እያቋረጠ ለሚነሳ ሰው፣ የማብሪያ ቁልፉ ላፕቶፑን ከሚያጠፋው ቢያስተኛው ይሻላል። የተከፈተው ሰነድም ብሮውዘሩም እንዳለ ይቆየዋል፤ ሲመለስ ቁልፉን ነካ አድርጎ ካቆመበት ይቀጥላል። ማስተካከሉ ቀላል ነው። ሰውን የሚያደክመው ቁልፉና ክዳኑ በአንድ ቦታ አለመታዘዛቸው ነው።

ምንም ከመቀየራችሁ በፊት ማሽኑ ተኝቶ በደህና መንቃቱን እዩ። ከላይ በስተቀኝ ያለውን ሜኑ ከፍታችሁ የፓወር ምልክቱን ተጫኑና «ሰስፔንድ» በሉት። ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ቀስቅሱት። ስክሪኑ ጨልሞ ከቀረ ወይም ዋይፋዩ አልመለስ ካለ ችግሩ የድራይቨር ወይም የከርነል ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሲስተሙን አፕዴት አድርጉ። ይህ ሳይስተካከል ቁልፉን ለእንቅልፍ መስጠት ሴቭ ያልተደረገ ሥራን አደጋ ላይ መጣል ነው።

በደህና ከነቃ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓወር»ን ክፈቱ። «ፓወር በተን ቢሄቪየር» ከሚለው መስመር «ሰስፔንድ»ን ምረጡ። ሴቭ ማድረግ አያስፈልግም፤ ወዲያው ይሠራል። ዴስክቶፓችሁ ኬዲኢ ከሆነ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት»ን፣ ኤክስኤፍሲኢ ከሆነ ደግሞ «ፓወር ማኔጀር»ን ክፈቱ፤ በሁለቱም የክዳኑ ምርጫ እዚያው አለ።

በኡቡንቱ መደበኛ ዴስክቶፕ በግኖም ግን የክዳኑን ምርጫ ሴቲንግስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አታገኙትም። ክዳኑን የሚያዝዘው ሎጊንድ የሚባለው የሲስተምዲ ክፍል ነው። የማስተካከያ ፋይሉ «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ባለው «ሲስተምዲ» ፎልደር ይገኛል፤ ስሙ ሎጊንድ፣ ነጥብ፣ ኮንፍ ነው። መጀመሪያ ኮፒውን አስቀሩ፤ ከዚያ በተርሚናል በሱዶ ፈቃድ በናኖ ክፈቱት። ብዙዎቹ መስመሮች በ# ይጀምራሉ፤ ይህ ምልክት ያለበት መስመር አይሠራም፣ ነባሪውን ምርጫ ብቻ ያሳያል። «ሃንድል ሊድ ስዊች» የሚለውን ፈልጋችሁ #ን አጥፉ፤ ከ= ቀጥሎ ሰስፔንድ፣ ሃይበርኔት ወይም ኢግኖር የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱን በትንንሽ ፊደል ጻፉ። «ሃንድል ሊድ ስዊች ዶክድ» የሚለው መስመር ደግሞ ውጫዊ ሞኒተር ሲሰካ ነው የሚሠራው፤ ነባሪው ኢግኖር ስለሆነ ሞኒተር ሰክታችሁ ክዳኑን ብትዘጉ አለመተኛቱ ብልሽት አይደለም።

እኔ ለክዳኑ ኢግኖርን፣ ማለትም ሲዘጋም ማሽኑ እንዳይተኛ ማድረግን፣ አልመክርም። እየሠራ ቦርሳ ውስጥ የገባ ላፕቶፕ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ባትሪውም ሳይታወቅ ያልቃል።

እዚያው ፋይል ላይ «ሃንድል ፓወር ኪ» የሚባል መስመርም ታገኛላችሁ። ግኖም ውስጥ ሆናችሁ እየሠራችሁ ሳለ ቁልፉን ግኖም ስለሚረከበው እሱን መለወጥ ለውጥ አያሳያችሁም፤ የሚጠቅመው ዴስክቶፕ ለሌለው ሲስተም ነው። ፋይሉን ከቀየራችሁ በኋላ ማሽኑን ሪስታርት አድርጉ። ሎጊንድን ብቻ በትእዛዝ ማስነሳት ከተከፈተው ሥራችሁ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

ስትሞክሩት ቁልፉን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ። ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ከተያዘ፣ ምንም ብትመርጡ፣ ሃርድዌሩ ራሱ ኃይሉን ይቆርጣል። የተኛ ላፕቶፕ ራሙን በባትሪ ነው የሚያቆየው፤ ባትሪው ካለቀ ሴቭ ያልተደረገው ይጠፋል። ስለዚህ ለረጅም ሰዓት የምትለዩት ከሆነ ሴቭ አድርጋችሁ አጥፉት።