ዘንዶ በቤት ውስጥ፦ ከንክሻው ይልቅ መጠምጠሙ

በጄኔቫ ወይም በዙሪክ አፓርታማ ውስጥ እባብ የሚያረባ ጎረቤት ማግኘት ብርቅ አይደለም። በመስታወት ሣጥን የሚያዙት አብዛኞቹ እባቦች ከአንድ ሜትር ተኩል የማይበልጡ፣ መርዝም የሌላቸው ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ሲያድጉ ሦስትና አራት ሜትር፣ አንዳንዴም ከአምስት ሜትር በላይ ይደርሳሉ። በኢትዮጵያ በአዋሽ ሸለቆ፣ በኦሞና በጋምቤላ ቆላዎች በዱር የሚኖረው የአፍሪካ ዐለት ዘንዶ ከእነዚህ አንዱ ነው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እየተባለ ላደገ ሰው እንዲህ ያለውን ፍጥረት ሳሎን ውስጥ ማኖር ለመረዳት ያስቸግራል። አርቢው በበኩሉ እንስሳውን ለዓመታት አቅፎት ስለኖረ የጎረቤቱ ፍርሃት ያስገርመዋል። ሁለቱም ግን በአንድ ነጥብ ይሳሳታሉ፤ ዓይናቸው የሚያርፈው በጥርሱ ላይ ነው። የዘንዶ ጥርስ መርዝ የለውም፤ ያቆስላል እንጂ አይገድልም። ለሕይወት የሚያሰጋው ከንክሻው ቀጥሎ የሚመጣው፣ ማለትም የእንስሳው መጠምጠም ነው።

ፍርሃቱ የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። የዙሪኩ የተፈጥሮ ሊቅ ኮንራድ ጌስነር ስለ እባቦች ያዘጋጀው ጽሑፍ ከሞተ በኋላ በ1587 በላቲን፣ በ1589 ደግሞ በጀርመንኛ በዚያችው ከተማ ሲታተም በምድር ላይ ያሉ እባቦችና በተረት ያሉ ባለ ክንፍ ዘንዶዎች በአንድ ጥራዝ ተቀምጠው ነበር። በአማርኛም ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የወጋውና በአዋሽ ዳር ሚዳቋ የሚውጠው እንስሳ ስማቸው አንድ ነው፤ ዘንዶ። አክሱምን ይገዛ ነበር የሚባለው የአርዌ ትውፊትም ከዚሁ ሥዕል የራቀ አይደለም። ዛሬ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለው ፍጥረት ግን ክፋትም ፍቅርም የማያውቅ፣ በሽታና በሙቀት የሚመራ አዳኝ ነው። ጥንቃቄው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

የስዊዘርላንድ ሕግም ጉዳዩን በቀላሉ አያየውም። ከሴፕቴምበር 2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ መርዛማ እባቦችን፣ እንዲሁም ሲያድጉ ከ3 ሜትር የሚያልፉ የዘንዶ ዝርያዎችን ለማኖር ከካንተኑ የእንስሳት ሕክምና መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲወሰድ ያስገድዳል። ቦአ ኮንስትሪክተር የተባለው ዝርያ ብቻ ከዚህ ግዴታ ተለይቷል። ይህ ልዩነት አንዳንድ ጀማሪዎችን ያሳስታል፤ ፈቃድ የማይጠየቅበት እባብ ጉልበት የሌለው ይመስላቸዋል። አንድ ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰ ቦአ ግን ጡንቻው ለቀልድ የሚሆን አይደለም።

ዘንዶ በሁለት ምክንያት ይነክሳል። የመጀመሪያው ራሱን ለመከላከል ነው። ሲደነግጥ፣ ሲጨነቅ፣ ቆዳውን ሊቀይር ዓይኑ ወተት በመሰለ ጉም ሲሸፈንና አጥርቶ ማየት ሲሳነው ተወርውሮ ይነክሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይለቃል። አፉን የከፈተበትና የዘጋበት ጊዜ ከሰከንድ ያነሰ ስለሆነ ተነካሹ ደሙን እስኪያይ ድረስ መነከሱን ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛው እጅን ምግብ ነው ብሎ ሲሳሳት ነው። ይህኛው ነክሶ አይለቅም፤ እንደ ያዘ አካሉን በክንድ ላይ ይጠቀልላል። በሰው ላይ ከባድ አደጋ የሚደርሰው በአብዛኛው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ነው።

በዚህች ቅጽበት የሰው ደመ ነፍስ የሚያዘው እጅን መንጭቆ ማውጣትን ነው፤ ከሁሉ የከፋው ስሕተትም ይኸው ነው። የዘንዶ ጥርስ ቀጭን፣ እንደ መርፌ የሾለና ወደ ጉሮሮው የታጠፈ ነው። በላይኛው መንጋጋ አራት፣ በታችኛው ሁለት ረድፍ ሆኖ የተተከለው፣ የያዘው ነገር ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይሄድ ነው። እጅ ሲጎተት ጥቃቅን ቀዳዳዎች የነበሩት ወደ ረጅም ቅዳጅ ይለወጣሉ፤ ጥርሱም ተሰብሮ ሥጋ ውስጥ ይቀራል። በእንስሳውም ላይ የመንጋጋ ጉዳት ይደርሳል።

የሚሻለው፣ ለመናገር እንጂ ለማድረግ ባይቀልም፣ እጅን ሳያንቀሳቅሱ መቆም ነው። እባቡ ካልተጠመጠመ ብዙ ጊዜ የያዘው ነገር ምግብ አለመሆኑን ተረድቶ ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ጭንቅላቱን ከኋላ ይዞ በመጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ፊት፣ ወደ ነከሰው እጅ አቅጣጫ መግፋት፣ ጥርሶቹ ከሥጋው ሲላቀቁ ደግሞ ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ቀዝቃዛ ውኃ በእባቡ ፊት ላይ ያፈስሳሉ፤ እምቢ ሲል በአፉ ጠርዝ ጥቂት የእጅ ሳኒታይዘር ወይም ጠንካራ አረቄ ጠብ ያደርጋሉ። አልኮሉ ለእባቡ ጤና ጥሩ ስላልሆነ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ ግን ማመንታት አይገባም።

ከተጠመጠመ ሥራው በጅራቱ በኩል ይጀመራል። የዘንዶ ጉልበት ያለው በመካከለኛው አካሉ ስለሆነ መሐሉን ይዞ ለማላቀቅ የሚታገል ሰው ቶሎ ይደክማል። ጫፉ ግን ደካማ ነው፤ ከጅራቱ ተነሥቶ እንደ ገመድ አንድ በአንድ ዙሩን መፍታት ይቻላል። ይህን የሚያደርገው ሌላ ሰው ሲሆን፣ ሦስተኛ ሰው ቢኖር ደግሞ ጭንቅላቱን ይይዛል። ብቻውን ያለ ሰው፣ በተለይ እባቡ ወደ አንገቱ ወይም ወደ ደረቱ ከወጣ፣ ይህን ሁሉ በአንድ እጁ ሊሠራ አይችልም። ሦስት ሜትር የደረሰ እባብ ብቻውን ባለ ሰው አይነካም የሚባለውም ለዚህ ነው።

ለምን አጣዳፊ እንደሆነ ለመረዳት የመጠምጠሙን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ለረጅም ዘመን ዘንዶ የሚገድለው እስትንፋስ በማሳጣት ነው ይባል ነበር። በ2015 አሜሪካዊው ተመራማሪ ስኮት ቦባክና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ከዚህ የተለየ ነገር አሳየ። ቦአዎች በሰመመን ውስጥ ባሉ አይጦች ላይ ሲጠመጠሙ፣ በሰከንዶች ውስጥ የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ ደም ወደ ልብና ወደ አንጎል መድረሱን ያቆማል። አየር ከማለቁ በፊት ደም ይቆማል ማለት ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ቀደም ሲል በ2012 እንዳመለከቱት ደግሞ ቦአ የያዘውን እንስሳ የልብ ትርታ በአካሉ ያዳምጣል፤ ትርታው እስካለ ድረስ ይበልጥ ይጨምቃል፣ ረዘም ላለ ጊዜም ይይዛል። ሰው አይጥ አይደለም፤ ደረቱም ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ በአንገት ላይ የተጠመጠመ ትልቅ እባብ የሚሰጠው ጊዜ አጭር መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል። ዘንዶን እንደ ነጠላ በትከሻ ላይ ጥሎ ፎቶግራፍ መነሣት የተለመደ ነገር ነው፤ ሊቀር የሚገባውም ልማድ ነው።

በዚህ ረገድ ከሚጠቀሱት አሳዛኝ አደጋዎች አንዱ የደረሰው በነሐሴ 2013 በካናዳ፣ በኒው ብራንዝዊክ ግዛት ካምፕቤልተን ከተማ ነው። ከእንስሳት መሸጫ ሱቅ በላይ ባለ መኖሪያ ቤት በሣጥን የተያዘ የአፍሪካ ዐለት ዘንዶ በሌሊት በአየር ማስገቢያ ቱቦ በኩል አምልጦ ተኝተው የነበሩ ሁለት ወንድማማች ሕፃናትን ገደለ። ልጆቹ እባቡን አልነኩትም፤ አልመገቡትም። ያ ዘንዶ ከኢትዮጵያ ቆላዎቹ ጋር አንድ ዝርያ ነው። በዱር ከሰው የሚሸሸው ፍጥረት በቤት ሲያዝ የሚለወጠው ጠባዩ ሳይሆን ከሰው ጋር ያለው ርቀት ነው። ስለዚህ የመስታወት ሣጥኑ ቁልፍ፣ የክዳኑ ጥብቀት፣ የቱቦዎቹና የስንጥቆቹ መዘጋት ከማንኛውም የአያያዝ ጥበብ ይቀድማሉ።

ከቁልፉ ቀጥሎ የሚመጣው ሽታ ነው። ጥንቸል ወይም አይጥ የነካ እጅ በእባብ አፍንጫና ምላስ ዘንድ ጥንቸል ወይም አይጥ ነው። ብዙዎቹ ዘንዶዎች በከንፈራቸው ላይ ሙቀት የሚለዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ስላሏቸው ሞቃቱ እጅ ሽታ ሲጨመርበት ስሕተቱ ይሟላል። ስለዚህ ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ምግብ የሚቀርበው በረጅም መቆንጠጫ እንጂ በጣት አይደለም። ጠንቃቃ አርቢዎች ሣጥኑን በከፈቱ ቁጥር በመጀመሪያ የእባቡን አካል በብረት መንጠቆ በቀስታ ይነካሉ። እባቡ ከጊዜ በኋላ መንጠቆ ሲነካው ምግብ እንደማይመጣ ይለምዳል። የተመገበ እባብ ደግሞ ቢያንስ ለሁለት ቀን አይነካም፤ ከተረበሸ የዋጠውን ሊተፋ ይችላል።

ንክሻው ካለፈ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ቢሆንም አይናቅም። ቁስሉ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለበርካታ ደቂቃዎች ይታጠባል፤ ደሙ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይቆማል፤ ቀለበትና ሰዓት እብጠት ሳይጀምር ይወልቃሉ። ተሰብሮ የቀረ ጥርስ መኖሩ በጥሞና ይታያል፤ ትንሽ ስለሆነ ሲዳሰስ እንጂ ሲታይ አይገኝም፤ ከቀረ ደግሞ ቁስሉ ሳይድን ያመረቅዛል። የቴታነስ ክትባት ጊዜው ያለፈበት ሰው ይከተባል። ንክሻው በፊት፣ በመገጣጠሚያ ወይም በጅማት ላይ ከሆነ፣ ወይም በቀጣዮቹ ቀናት ቢቀላና ቢሞቅ ሐኪም ማየት ግድ ነው። ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ስለሚሸከሙ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮችና የበሽታ መከላከያ አቅማቸው የደከመ ሰዎች እባቡንም ሣጥኑንም ባይነኩ ይመረጣል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እባቡ መርዝ የሌለው መሆኑ በእርግጥ ሲታወቅ ብቻ ነው። በስዊዘርላንድ በፈቃድ መርዛማ እባብ የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ በሜዳና በተራራም ሁለት ዓይነት አገር በቀል እፉኝቶች ይኖራሉ፤ በእነርሱ ተነድፎ የሞተ ሰው ግን ከ1961 ወዲህ አልታየም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሕክምናው ቅርበት ነው። ከ1966 ጀምሮ በዙሪክ የሚሠራው ቶክስ ኢንፎ ስዊስ የተባለው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ145 ስልክ ሌት ተቀን ምክር ይሰጣል። በጄኔቫና በዙሪክ ያሉትን ጨምሮ የተመረጡ ሆስፒታሎች ለውጭ አገር እባቦች ጭምር የሚሆን የመርዝ ማርከሻ ያከማቻሉ።

ከጄኔቫ ወደ ምዕራብ ጎንደር ሲታይ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው። ዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤቱ በጄኔቫ የሚገኘው ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአብደራፊ ለዓመታት በእባብ የተነደፉ ሰዎችን ሲያክም ቆይቷል። ታካሚዎቹ በአመዛኙ ከደጋ ለሰሊጥና ለማሽላ አጨዳ የሚወርዱ፣ በማሳ ውስጥ መሬት ላይ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ለአፍሪካ እባቦች በጣም ይታመንበት የነበረው ፋቭ አፍሪክ የተባለው ማርከሻ በ2014 መመረቱ ቆመ፤ የመጨረሻው ክምችትም በ2016 ጊዜው አለፈ። በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ መርዝ እንደሚሞት የሚገምተው የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ጉዳዩን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2019 ባወጣው ዕቅድም ሞትና የአካል ጉዳትን በ2030 በግማሽ ለመቀነስ አስቧል።

የሁለቱ ቦታዎች ልዩነት የሚጎዳው ልማድን ይዞ የሚሄደውን ሰው ነው። ማሰር፣ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በእሳት መተኮስ በአብደራፊም በዙሪክም ጉዳትን ያብሳል፤ መርዝ በሌለው የዘንዶ ንክሻ ላይ ደግሞ ጭራሹን ትርጉም የለውም። በመርዛማ እባብ የተነደፈ ሰው የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳያንቀሳቅስ ተረጋግቶ መቆየት አለበት፤ በስዊዘርላንድ ከሆነም ለአምቡላንስ በ144 ይደወላል። ወደ 145 ሲደወል ደግሞ በቅድሚያ የሚጠየቁት የእባቡ ዝርያ፣ ንክሻው የደረሰበት ሰዓትና የተነካው የአካል ክፍል ናቸው። አንድ አርቢ የእንስሳውን ሳይንሳዊ ስም በትልልቅ ፊደል ጽፎ በሣጥኑ ላይ ቢለጥፍ፣ በዚያች ሰዓት እጁ እየደማ ስሙን ለማስታወስ ከመቸገር ይድናል፤ እርሱ ራሱን ቢስት እንኳ ስልኩን ያነሣው ሰው አንብቦ ይነግርለታል።