ሕግንና ሰብአዊ ትምህርቶችን አጣምሮ ማጥናት



አንድ ሰው በደህናው ቀን ሰይፉን ለወዳጁ አደራ ይሰጣል። ከጊዜ በኋላ አእምሮው ታውኮ፣ ቁጣውም ነዶ ይመጣና «ሰይፌን አምጣ» ይላል። ባለአደራው ምን ያድርግ? አደራ ለባለቤቱ ይመለስ ዘንድ ሕግ ያዛል፤ የአገራችን ሰውም «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላል። ነገር ግን ሰይፉ በዚያች ሰዓት ቢመለስ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ይህን ጥያቄ የሕግ መምህር ብቻውን ጨርሶ አይመልሰውም፤ የፍልስፍና መምህርም ብቻውን ፍርድ አይሰጥበትም። ሕግን ከምዕራቡ ዓለም ሰብአዊ ትምህርቶች ጋር አጣምሮ ማጥናት ምን ጥቅም እንዳለውና ምን አደጋ እንዳለበት በዚሁ ጥያቄ መሪነት እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የጥናቱ ምንነት

በተለምዶ ሂዩማኒቲስ የሚባሉት ሰብአዊ ትምህርቶች ፍልስፍናን፣ ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍን፣ ቋንቋንና ሥነ ጥበብን ያጠቃልላሉ። በአንዳንድ አገሮች ተማሪው እነዚህንና ሕግን ጎን ለጎን ተምሮ በሁለት ዲግሪ ይመረቃል። ለምሳሌ በአውስትራሊያ የኲንስላንድና የወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲዎች በ2020 «የምዕራቡ ሥልጣኔ» የተባለ የትምህርት ዘርፍ ሲከፍቱ፣ ዘርፉን ከሕግ ዲግሪ ጋር አጣምሮ ለመማር የሚያስችል መንገድም አዘጋጅተዋል። የዚህ ዓይነቱ ትምህርት መሠረት ታላላቅ ድርሳናትን ራሳቸውን ማንበብና በአነስተኛ ቡድን መወያየት ነው።

ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ሐሳቡ የቆየ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጣልያን አገር በቦሎኛ ከተማ የተሰበሰቡ ሊቃውንት ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ከ529 እስከ 534 ያስጠናቀረውን የሮማውያን ሕግ ያጠኑ ነበር። ግራሲያን የተባለውም ሊቅ በ1140 ገደማ የቤተ ክርስቲያንን ቀኖናዎች በዚያው ከተማ አሰባስቧል። ዓለማዊውንና ቤተ ክርስቲያናዊውን ሕግ አጣምሮ ያጠና ሰው የሁለቱም ሕግጋት ሊቅ ይባል ነበር። በብዙዎቹ የመካከለኛው ዘመን ዩኒቨርሲቲዎችም ሰዋስው፣ ሥነ አመክንዮና የንግግር ጥበብ ለከፍተኛው ትምህርት መሰናዶ ሆነው አገልግለዋል።

2. አንዱ ጥያቄ በሁለት ክፍል

አሁን ወደ ሰይፉ እንመለስ። ምሳሌው የፕላቶን ነው። «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሰቱ መጀመሪያ ላይ ሶቅራጥስ፣ ጽድቅ ማለት የተቀበሉትን መመለስ ብቻ ከሆነ ላበደ ወዳጅ የጦር መሣሪያውን መመለስም ጽድቅ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃል።

ከእርሱ በኋላ የተነሣው አርስጣጣሊስ በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» አምስተኛ መጽሐፍ ጉዳዩን ወደ ሕግ ያቀርበዋል። ሕግ ለሁሉም በጠቅላላው ይናገራል፤ የሰው ኑሮ ግን በዝርዝር የሚገጥም ነው። ጠቅላላው ቃል በአንዱ ዝርዝር ጉዳይ ላይ ሲጎድል፣ ያን ጉድለት የሚያቃና ነገር ያስፈልጋል። ይህም እኛ ርትዕ የምንለው ነው። ፈላስፋው ርትዕን በሌስቦስ ደሴት ግንበኞች ይጠቀሙበት ከነበረው የእርሳስ ማስመሪያ ጋር ያመሳስለዋል፤ ማስመሪያው እንደ ድንጋዩ ቅርጽ ይተጣጠፍ ነበርና። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴዎሎጊካ» በተባለው ሥራው ርትዕ ከምግባራት አንዱ መሆኑን ሲያስረዳ፣ ያንኑ የዕብዱን ሰይፍ ምሳሌ ያነሣል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሰብአዊ ትምህርቶች ድርሻ ነው። የሕግ ትምህርቱ ደግሞ ወደ እንግሊዝ አገር ይወስደናል። በዚያ በመደበኛው ሕግ ጥብቅነት የተጎዳ ሰው ለንጉሡ ዋና አማካሪ፣ ለቻንስለሩ፣ አቤት ይል ነበር፤ በጊዜ ብዛትም የቻንስለሩ ችሎት የርትዕ ፍርድ ቤት ሆነ። በኦክስፎርድ ከተማረ በኋላ በለንደን ሕግን ያጠናው ቅዱስ ቶማስ ሞር ከ1529 እስከ 1532 በዚህ ወንበር ተቀምጧል። የልጁ ባል ዊልያም ሮፐር በጻፈው የሕይወት ታሪክ እንደሚተርከው፣ የመደበኛው ሕግ ዳኞች ቻንስለሩ በፍርዳችን ጣልቃ ይገባል ብለው ያጉረመርሙ ነበር። እርሱም ምሳ ጋብዞ እያንዳንዱን ጉዳይ ካስረዳቸው በኋላ፣ የሕጉን ጥብቅነት ራሳቸው በማስተዋል ቢያላልሉት ከዚያ ወዲያ ትእዛዝ እንደማያወጣ ነገራቸው። ዳኞቹ ግን እምቢ አሉ። ቶማስ ሞር በ1535 በሕሊናው ምክንያት አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ፤ በ1935 ቅድስናው ታወጀ፤ በ2000 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ የመንግሥት ሰዎችና የፖለቲከኞች ጠባቂ ብለው ሰየሙት። በእንግሊዝ ሁለቱን የፍርድ ቤት ዓይነቶች ያዋሐደው ሕግ የወጣው ከእርሱ ዘመን በጣም ዘግይቶ በ1873 ነው።

እንግዲህ ሕግን ብቻ የሚያጠና ተማሪ ርትዕን እንደ አንድ ምዕራፍ ለፈተና ይይዘዋል። ፍልስፍናን ብቻ የሚያጠና ደግሞ እንደ ጥንት ሐሳብ ያደንቀዋል። ሁለቱን አጣምሮ የሚያጠና ግን ከፕላቶን ጥያቄ እስከ ችሎቱ ውሳኔ ድረስ የተዘረጋውን አንድ ክር ይይዛል። ደንቡ መቼ እንደሚጸና፣ መቼም እንደሚተጣጠፍ ለመመርመር የሚችለው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

3. ዕውቀት ብቻውን አያጸድቅም

ይሁን እንጂ ብዙ ማንበብ ፍትሐዊ ያደርጋል ብለን እንዳንታለል። ስፔናዊው ሁዋን ጊኔስ ደ ሴፑልቬዳ የአርስጣጣሊስን «ፖለቲካ» ወደ ላቲን ተርጉሞ በ1548 ያሳተመ ታላቅ ሊቅ ነበር። በ1550ና በ1551 በቫያዶሊድ ከተማ በተደረገው ክርክር ግን፣ አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ባሮች ናቸው የሚለውን የፈላስፋውን ሐሳብ ይዞ፣ በአሜሪካ አገር ሕዝቦች ላይ የተደረገውን ጦርነት ደግፎ ተሟገተ። በተቃራኒው የቆመው የዶሚኒካውያን ማኅበር አባልና ጳጳስ የነበረው ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስ ነው። እርሱም ቅዱሳት መጻሕፍትን፣ ቀኖናንና ፍልስፍናን ጠቅሶ የእነዚያን ሕዝቦች ሰብአዊነት ተከላከለ። ሁለቱም የተማሩ ነበሩ፤ ከአንድ መደርደሪያ አንብበው ወደ ተቃራኒ ፍርድ ደረሱ።

የሮማውያንም ሕግ ቢሆን እንዲሁ ነው። የዮስጢንያኖስ የሕግ መማሪያ መጽሐፍ ባርነት ከተፈጥሮ ጋር የሚቃረን መሆኑን እየተናገረ፣ ባርነትን በሕግነቱ አጽንቶታል። ስለዚህ «የምዕራቡ ዓለም ቅርስ» የሚባለው ገና ያላለቀ ሙግት እንጂ አንድ ድምፅ አይደለም። እንደ ውዳሴ የሚያጠናው ሰው ግማሹን ያጣል፤ እንደ ክስ ብቻ የሚያጠናውም እንዲሁ። በአውስትራሊያም ትምህርቱ ያለ ክርክር አልተጀመረም። የአገሪቱ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚህ ጥናት ገንዘብ ለመስጠት ከተዘጋጀው የራምሴ ማእከል ጋር የጀመረውን ድርድር የአካዳሚ ነፃነትን ምክንያት አድርጎ በ2018 አቋርጧል።

4. ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም

ፍትሐ ነገሥታችን መነሻው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፃዊው የቅብጥ ሊቅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው መጽሐፍ ሲሆን፣ ከቤዛንታይን የመጣ የሮማውያን ሕግ በውስጡ ይገኛል። ወደ ግእዝ ተተርጉሞም ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት መመሪያ ሆኗል። በ1960 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሁለቱን ዘመናት ካገናኙት ሰዎች አንዱ አባ ጳውሎስ ጻድዋ ነበሩ። ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የተረጎሙት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ትርጉሙን በ1968 ያሳተመው የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ነው። በኋላም የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1985ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆነዋል። ግእዝን፣ ታሪክንና ሕግን በአንድ ሰው ዘንድ አጣምሮ መያዝ ምን ፍሬ እንደሚሰጥ ሥራቸው ይመሰክራል።

5. ለሚያስብበት ወጣትና ለወላጆቹ

ዋጋው ቀላል አይደለም። ጥምር ትምህርቱ ከአንዱ ዲግሪ ይልቅ ብዙ ዓመት ይወስዳል፤ ንባቡ ከባድ ነው፤ ቤተሰብም ደመወዙን ይጠብቃል። ይህን ያልቻለ ሰው ሕግን ብቻ ተምሮ ታላላቆቹን መጻሕፍት በራሱ ጊዜ ቢያነብ ከበረከቱ አይጎድልም። የሚጀምረው ግን ሦስት ነገሮችን ይያዝ።

አንደኛ፣ ከማጠቃለያው ይልቅ ድርሳኑን ራሱን ያንብብ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን የሕግ አንቀጽ ሲያጠና «ይህ ደንብ የትኛውን ሰው በዓይኑ ያያል? የትኛውንስ አላየም?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ የሌላውን ቅርስ ሲያነብ የራሱን አይጣል፤ ከአርስጣጣሊስ አጠገብ ፍትሐ ነገሥትንና የአገር ሽማግሌዎችን የዕርቅ ጥበብ ያኑር።

ነገ በፊቱ የሚቆመው ባለጉዳይ ስለ ፕላቶን ላይሰማ ይችላል። አንዲት ባልቴት የመሬቷን ወረቀት በነጠላዋ ጠቅልላ ትመጣ ይሆናል። ጠበቃው ወይም ዳኛው ሕጉን ብቻ ካወቀ ወረቀቱን ያነባል፤ ሰውንም ማንበብ ከተማረ ባልቴቲቱንም ይሰማል። ሁለቱን ዲግሪዎች አንድ የሚያደርጋቸው ይህ መስማት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) በአካባቢያችሁ ደንብ በጥብቅ ተፈጽሞ ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ታውቃላችሁን? ርትዕ እንዴት ያቃናው ነበር?

ለ) ርትዕ አድልዎ እንዳይሆን ምን መጠበቂያ ያስፈልገዋል?

ሐ) ሴፑልቬዳና ላስ ካሳስ ተመሳሳይ መጻሕፍትን አንብበው የተለያዩት ለምን ይመስላችኋል?