ኮምፒዩተር ወይስ ኮንሶል? የአንድ የቆየ ክርክር ሳይንሳዊ ገጽታ

በእረፍት ሰዓት ተማሪዎች ተሰብስበው ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ «ጌም የሚጣፍጠው በኮምፒዩተር ነው ወይስ በፕሌይስቴሽን?» የሚለው ነው። ክርክሩ እንደ እግር ኳስ ደጋፊዎች ሙግት በስሜት ተጀምሮ በስሜት ያበቃል። እኛም ለብዙ ዓመታት በዚህ ሙግት ውስጥ ቆይተናል። በመጀመሪያ በሰፈራችን ጌም ቤት ጆይስቲክ ለመያዝ ተራ ስንጠብቅ የኮንሶል ወገን ነበርን፤ ኋላ በኮምፒዩተር መጫወት ስንጀምር ወገን ለወጥን። ዛሬ ግን ጥያቄው የወገን ሳይሆን የምሕንድስና ጥያቄ መሆኑን ተረድተናል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱ መሣሪያዎች በውስጣቸው በምን እንደሚለያዩ፣ ልዩነታቸውም ለተማሪ ምን ትርጉም እንዳለው ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ከአንድ ስህተት የተገኘ ትምህርት

ነገሩን ከራሳችን ገጠመኝ እንጀምር። ከዓመታት በፊት ገንዘብ አጠራቅመን አንድ የጨዋታ ሲዲ ገዛን። ኮምፒዩተራችን ላይ ለመጫን ረጅም ጊዜ ወሰደ። ለማስጀመር ስንሞክር ግን ስክሪኑ ጠቆረና አንድ የስህተት መልእክት አሳይቶ ተዘጋ። ሲዲው የተበላሸ መስሎን መልሰን አስለወጥነው፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ይበልጥ ያስገረመን ደግሞ ያው ጨዋታ በሰፈሩ ጌም ቤት፣ በፍጥነትም ሆነ በሜሞሪ ከእኛ ኮምፒዩተር በሚያንስ ኮንሶል ላይ ያለ ችግር መሥራቱ ነበር።

ደካማው መሣሪያ የሚችለውን ብርቱው እንዴት አቃተው? የዚህ ጥያቄ መልስ የጽሑፋችን ዋና ቁም ነገር ነው።

ቋሚ ዒላማና ተንቀሳቃሽ ዒላማ

ኮንሶል ማለት በዋናነት ለጨዋታ የተሠራ፣ ክፍሎቹም በፋብሪካ የተወሰኑ ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣውን ፕሌይስቴሽን 2 ብንወስድ፣ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 295 ሜጋኸርትዝ ገደማ፣ ዋና ሜሞሪው 32 ሜጋባይት፣ ለምስል የተመደበው ሜሞሪ ደግሞ 4 ሜጋባይት ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ጨዋታውን ለሚጽፈው ባለሙያ ግን እነዚህ ሁሉ እንደ አንድ መሣሪያ ናቸው። እያንዳንዱ ባይት የት እንደሚገኝ፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

የግል ኮምፒዩተር በአንጻሩ ተንቀሳቃሽ ዒላማ ነው። የአንዱ ተጫዋች ፕሮሰሰር ከሌላው ይለያል፤ ሜሞሪው፣ ግራፊክስ ካርዱና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም እንዲሁ። ልዩነቱ ሰውየው ተለክቶ በተሰፋለት ልብስና ተሰፍቶ በሱቅ በተሰቀለ ልብስ መካከል እንዳለው ልዩነት ነው። ልብስ ሰፊው የደንበኛውን ልክ ካወቀ ጨርቅ አያባክንም፤ ለማያውቀው ሰው የሚሰፋ ግን ሰፋ አድርጎ ማስቀረት ይኖርበታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን፣ ይዘቱ ለአዋቂዎች የተዘጋጀ ቢሆንም፣ «ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ» የተባለው ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ ሦስት ከተሞችንና በመካከላቸው ያለውን ገጠር የያዘ ነበር። ይህ ሁሉ በ32 ሜጋባይት ሜሞሪ ውስጥ በአንድ ጊዜ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ተጫዋቹ ሲጓዝ ከፊቱ ያለውን ሰፈር ከዲቪዲው እያነበበ፣ ከኋላው የቀረውን ከሜሞሪ ይሰርዛል። በ2005 ለኮምፒዩተር የወጣው ቅጂ ግን ቢያንስ 1 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ሜሞሪና 64 ሜጋባይት ያለው ግራፊክስ ካርድ ይጠይቅ ነበር።

ለዚህ ሰፊ ልዩነት ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ በኮምፒዩተር ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ሌሎች ፕሮግራሞች ሜሞሪውንና ፕሮሰሰሩን ከጨዋታው ጋር ይጋራሉ። ሁለተኛ፣ ጨዋታው ግራፊክስ ካርዱን በቀጥታ አያዘውም፤ እንደ ዳይሬክትኤክስ ባለ የጋራ ቋንቋና በካርዱ ድራይቨር በኩል ያልፋል። ይህ «አስተርጓሚ» ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛ፣ ባለሙያው ለማያውቀው መሣሪያ ስለሚጽፍ መጠባበቂያ መተው አለበት። በእርግጥ ኮምፒዩተሩ ለጠየቀው ተጨማሪ አቅም ይበልጥ የጠራ ምስል በማሳየት ይክሳል።

አሁን ወደ ገጠመኛችን እንመለስ። ያ የገዛነው ጨዋታ የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም የሚያሰሉ፣ ሼደር የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድ ግራፊክስ ካርድ ይፈልግ ነበር። የእኛ ኮምፒዩተር ግራፊክስ ከማዘርቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ በመሆኑ ይህ ችሎታ አልነበረውም። በኮንሶሉ ላይ ያለው ቅጂ ግን ለዚያ መሣሪያ ታስቦ በሌላ ዘዴ የተጻፈ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሲዲው አልነበረም፤ በማሸጊያው ጀርባ የተጻፈውን ዝቅተኛ መስፈርት ሳናነብ የገዛነው እኛ ነበርን።

የ16.7 ሚሊሰከንድ ሩጫ

በስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ በተከታታይ የሚቀርቡ ቋሚ ምስሎች ውጤት ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማሳየት ለአንዱ ያለን ጊዜ 1000 ÷ 60 = 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በሰከንድ 30 ከሆነ ደግሞ 33.3 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ መሣሪያው የተጫዋቹን ትእዛዝ መቀበል፣ የኳሱን ወይም የመኪናውን እንቅስቃሴ ማስላትና ምስሉን መሳል አለበት።

የሥራውን ብዛት ለመገመት 1920 በ1080 ነጥብ ያለውን ስክሪን እንውሰድ። ጠቅላላ ነጥቦቹ 2,073,600 ናቸው። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሳሉ 124,416,000 የነጥብ ቀለም በየሰከንዱ ይሰላል ማለት ነው። ስክሪኑ 3840 በ2160 ከሆነ ሥራው አራት እጥፍ ያድጋል።

በኮንሶል ላይ ይህን በጀት በአብዛኛው የሚደለድለው ጨዋታውን የሠራው ቡድን ነው፤ ወይ ምስሉን አስጊጦ 30 ፍሬም ያደርጋል፣ ወይም ጌጡን ቀንሶ 60 ያደርሳል። በኮምፒዩተር ላይ ግን ደልዳዩ ተጫዋቹ ነው። የጥላውን ጥራት፣ የሩቁን ተራራ ዝርዝር፣ የነጥቦቹን ብዛት ራሱ ይመርጣል። ይህ ነጻነት ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋቾች የሚሳሳቱበትን አንድ ነጥብ እናንሣ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 59 ፍሬሞች እያንዳንዳቸው 16 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ግን 56 ሚሊሰከንድ ወሰደ እንበል። ድምሩ 944 + 56 = 1000 ሚሊሰከንድ ስለሆነ አማካዩ በሰከንድ 60 ፍሬም ነው። ዓይናችን ግን በዚያች አንዲት ፍሬም ላይ ጨዋታው ሲንገጫገጭ ያያል። አማካይ ብቻውን እውነቱን ሁሉ አይናገርም፤ ይህ በስታትስቲክስ ትምህርት የምናውቀው ሕግ እዚህም ይሠራል።

ማውዝና ጆይስቲክ

ማውዝ የሚቆጣጠረው አቅጣጫን በቀጥታ ነው። እጃችንን አምስት ሳንቲሜትር ብናንቀሳቅስ እይታው በተመጣጣኝ ልክ ይዞርና እጃችን ሲቆም ይቆማል። የጆይስቲክ ዘንግ ግን የሚቆጣጠረው የመዞሪያውን ፍጥነት ነው። ዘንጉን ገፍተን እስከያዝነው ድረስ እይታው መዞሩን ይቀጥላል፤ ምን ያህል እንደዞረ የሚወስነው ፍጥነቱ በጊዜ ተባዝቶ ነው።

ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲገፋ እይታው በሰከንድ 180 ዲግሪ ይዞራል እንበል። 90 ዲግሪ ለመዞር 0.5 ሰከንድ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ዘንጉን ለመልቀቅ 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ 180 × 0.2 = 36 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። በመሆኑም ኢላማ በሚፈልጉ ጨዋታዎች ማውዝ ይልቃል፤ በኮንሶል ላይ የሚወጡ ብዙ ጨዋታዎችም ጉድለቱን ለማካካስ ለተጫዋቹ ኢላማውን ይረዱታል።

በእግር ኳስና በመኪና ውድድር ጨዋታዎች ግን ነገሩ ይገለበጣል። አራት የኪቦርድ ቁልፎች የሚሰጡን ስምንት አቅጣጫዎችን ብቻ ሲሆን፣ ዘንጉ ወደ ፈለግነው አቅጣጫ በፈለግነው መጠን ይገፋል። ለእግር ኳስ ጌም ፍቅር ያለው የሰፈር ልጅ ሁሉ ጆይስቲክን መምረጡ ያለ ምክንያት አይደለም።

ክፍት በርና የተቆለፈ በር

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን በስክሪን ላይ የሚታየው አይደለም። ኮንሶል በመደበኛ ሁኔታ አምራቹ ያልፈቀደውን ፕሮግራም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ገበያ የቀረበው የኒንቴንዶ መሣሪያ ፈቃድ የሌለውን ጨዋታ የሚያግድ ልዩ ቺፕ ነበረው። ለዚህ ቁልፍ የንግድ ምክንያት አለው። አምራቾች ኮንሶሉን አንዳንድ ጊዜ ከወጪው ባነሰ ዋጋ ሸጠው ትርፋቸውን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በሚያገኙት ክፍያ ይሰበስባሉ፤ ፕሪንተር በርካሽ ሸጦ በቀለሙ እንደ ማትረፍ ነው።

ኮምፒዩተር ግን ክፍት በር ነው። ካውንተር ስትራይክ የተባለው ዝነኛ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ወጣቶች ሃፍ ላይፍ በተባለው ጨዋታ ላይ ተመሥርተው የሠሩት ማሻሻያ ነበር። በተቆለፈ መሣሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ሥራ ባልተጀመረም ነበር። እኛም ፕሮግራም መጻፍን የተዋወቅነው የአንድን ጨዋታ የቅንብር ፋይል ከፍተን የኳሷን ፍጥነት የሚወስነውን ቁጥር በመለወጥ ነው። ጨዋታው ተበላሸ፤ እኛ ግን ያን ዕለት ከተጫዋችነት ወደ ጠያቂነት ተሸጋገርን።

ለኮንሶልም ፍትሕ ማድረግ ይገባል። አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ጆይስቲክ ባለበት ክፍል ውስጥ ያለው ሳቅ፣ ተረብና ወዳጅነት፣ ለብቻ በሚጫወቱበት ኮምፒዩተር ፊት አይገኝም።

ማጠቃለያ

ዛሬ የሁለቱ መሣሪያዎች የውስጥ ልዩነት እየጠበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጡት ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን፣ በ2020 የተከተሏቸው ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ፣ ከግል ኮምፒዩተር ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ፕሮሰሰሮችን ይጠቀማሉ። ያልጠበበው የበሩ ልዩነት ነው።

ስለዚህ የቤተሰብ አቅም አንድ መሣሪያ ብቻ ለመግዛት የሚፈቅድ ከሆነ፣ ተማሪው ኮምፒዩተር እንዲመርጥ እንመክራለን። አዳዲስ ጨዋታዎችን ባያስኬድ እንኳ ፕሮግራም ይጻፍበታል፣ የቤት ሥራ ይሠራበታል፣ ይጠናበታል። ኮምፒዩተር ያለውና ከጓደኞቹ ጋር መጫወት የሚፈልግ ግን በኮንሶል አያፍርም። በሁለቱም ዘንድ ከመግዛት በፊት መስፈርቱን ማንበብ ግዴታ ነው። እኛ ይህን የተማርነው ገንዘብ ከፍለን ነው፤ አንባቢ በነጻ ይማረው።

ለአንባብያን የተዘጋጁ ጥያቄዎች

1. በሰከንድ 120 ፍሬም ለማሳየት ለአንድ ፍሬም ስንት ሚሊሰከንድ ይኖረናል?

2. 100 ጊጋባይት የሆነ ጨዋታ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለማውረድ ስንት ሰዓት ይፈጃል? (አንድ ባይት 8 ቢት፣ አንድ ጊጋባይት 1000 ሜጋባይት መሆኑን ያስታውሱ።)

3. 200 ዋት የሚወስድ ኮንሶልና 400 ዋት የሚወስድ ኮምፒዩተር በየቀኑ ለ3 ሰዓት ቢሠሩ፣ በ30 ቀን ውስጥ የሁለቱ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ልዩነት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል?

መልስ፦ 1) 8.3 ሚሊሰከንድ ገደማ፤ 2) 22 ሰዓት ከሩብ ገደማ፤ 3) 18 ኪሎዋት ሰዓት።