የንብ ሙጫ ቁስል ያድናል ወይ?

ዛሬ የማስነብባችሁ ስለ ፕሮፖሊስ ነው። ማርና ሰም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ፕሮፖሊስ ግን ቀፎ ሲከፈት ጣት ላይ ተጣብቆ አልለቅ የሚለው ቡናማ ሙጫ ነው። አያቴ በቢላዋ እየፋቁ ይጥሉታል።

ንቦች ሙጫውን ከዛፍ እንቡጥና ከቅርፊት ላይ ለቅመው፣ በኋላ እግራቸው ተሸክመው ያመጡታል። ከሰም ጋር ይለውሱትና የቀፎውን ስንጥቅ ይደፍኑበታል፣ በሩንም ያጠቡበታል። በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ አይጥ ቀፎ ውስጥ ገብታ ከሞተች ለንቦቹ ትከብዳቸዋለች፤ ጎትተው አያወጧትም። ስለዚህ በድኗን በሙጫው ይሸፍኑታል፤ ሳትበሰብስ ትደርቃለች። ሙጫው ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳይራቡ የሚከለክሉ ነገሮች አሉ። ዛፉም እኮ ሙጫ የሚያወጣው የራሱን ቁስል ለመሸፈን ነው።

ይህን ሳነብ የበጋችን ነገር ትዝ አለኝ። ዓምና ሽቦ ጎኗን ቀደዳትና የእንስሳት ሐኪም አደንዝዘው ሰፏት። እኔም አያቴ የፋቁትን ሙጫ ይዤ ሮጥኩ። ሐኪሙ ግን እጄን ያዙኝ። "ይሄ እኮ የቀፎ ቆሻሻና የንብ እግር ያለበት ነው። ለምርምር የሚውለው በአልኮል ሟሙቶ፣ ተጣርቶ፣ መጠኑ ታውቆ ነው። ቆዳ የሚያስቆጣበት ጊዜም አለ" አሉኝ። በጣም ነበር የተናደድኩት።

ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ ያወቅሁት በኋላ ነው። አይጦችን ወይም ጥንቸሎችን አደንዝዘው ቆዳቸው ላይ እኩል ስፋት ያለው ቁስል ያደርጋሉ። (ይሄኛው እኔን ያሳዝነኛል።) አንዱ ቁስል ፕሮፖሊስ ያለበት ቅባት ይቀባል፤ ሌላው ያንኑ ቅባት ያለ ፕሮፖሊስ። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ስፋቱን ይለካሉ። በብዙዎቹ ሙከራዎች ፕሮፖሊስ የተቀባው ቁስል ቶሎ ጠቧል፣ እብጠቱም ቀንሷል። ግን ሁሉም ፕሮፖሊስ አንድ አይደለም፤ እንደ ዛፉ ይለያያል። የብራዚሉ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ ከአንድ ቁጥቋጦ የሚመጣ ነው። ስለዚህ የአንዱ አገር ውጤት ለሌላው በቀጥታ አይሠራም።

ያልተቀባው ቁስል ለምን ያስፈልጋል? ቁስል በራሱም ስለሚድን ነዋ! በጋችን በ12ኛው ቀን ክሩ ወጣላት፣ ዳነች፤ ምንም ሙጫ ሳይነካት። ያን ቀን ቀብቻት ቢሆን ኖሮ ዛሬ "ፕሮፖሊስ በጋችንን አዳናት" ብዬ እጽፍላችሁ ነበር።

አሁን በሳይንስ ክበባችን ሦስት ቁራጭ እንጀራ አስቀምጠናል። አንዱን በአልኮል የሟሟ ፕሮፖሊስ ቀባነው፣ አንዱን አልኮል ብቻ፣ አንዱን ምንም። ሻጋታው የቱ ላይ ቀድሞ እንደወጣ በሚቀጥለው እትም እጽፍላችኋለሁ። እባካችሁ እንጀራውን እንዳትነኩብን!