ትንባሆዬ ለምን ጉሮሮ ያቃጥላል?

ጥያቄ፦ ጓሮዬ ያበቀልኩትን ትንባሆ ፀሐይ ላይ አድርቄ በፒፓ ማጨስ ጀምሬአለሁ። ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፣ ምላሴንም ይለበልበኛል። ምን ላድርግ?
(ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናው ምክንያት የአደራረቁ ፍጥነት ይመስለኛል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል አረንጓዴነቱ ሳይጠፋና በውስጡ ያለው ስታርች ሳይለወጥ ሊደርቅ ይችላል። ከመስከረም በኋላ የጎንደር አየር ደረቅ ስለሆነ ችግሩ ይብሳል። ቅጠሉን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይስቀሉት፤ ቢጫ ሆኖ ቀስ በቀስ ቡናማ እስኪሆን ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ ውሃ እፍ ብለውበት ሲለሰልስ ዋናውን ጅማት አውጥተው ይክተፉት። የላይኛው ቅጠል ኒኮቲኑ ብርቱ ነውና ሲቀላቅሉ የታችኛውን ያብዙ። የሻገተውን ግን ይጣሉ፤ መጥረግ አይበቃም።

እርጥብ ቅጠል በባዶ እጅ አይልቀሙ፤ ኒኮቲን በቆዳ ይገባል። ካዞረዎት ወይም ካስመለሰዎት ታጥበው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

አንድ ነገር ልደብቅዎት አልፈልግም፦ ጥሩ አደራረቅ ማቃጠሉን እንጂ ጉዳቱን አይቀንስም፤ ፒፓም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል። ገና ጀማሪ ስለሆኑ መተው አሁን ይቀላል። ከ3 ሳምንት በላይ የማይድን የአፍ ቁስል ወይም የድምፅ መጎርነን ካዩ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይመርመሩ።