ክዳኑ ላይ ያለው ስም

ልጅ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ላፕቶፖች ኮር አይ 5፣ ሁለቱም 8 ጊጋ ራም ናቸው። አንደኛው ግን የሌላው እጥፍ ተጠራብኝ። ስሙን ነው እንዴ የሚሸጡልን?

ጋሼ፦ ስሙም አለበት። እስቲ ካቻቪቴውን አቀብለኝ፤ የርካሹን ሆድ እንየው። ማጠፊያው የታሰረው ምን ላይ ነው?

ልጅ፦ ፕላስቲክ ላይ።

ጋሼ፦ ሲከፈት ሲዘጋ ፕላስቲኩ ይሰነጠቅና ስክሪኑ ይላቀቃል። የእኔ እንጀራ እሱ ነው፤ ፕሮሰሰር ተቃጥሎበት የሚመጣማ ስንቱ ነው! የዚያኛው ብረት ላይ ነው የታሰረው። ሻጩ ግን ራምና ፕሮሰሰር ይቆጥርልሃል እንጂ ስለ ማጠፊያ ትንፍሽ አይልም።

ልጅ፦ እንግዲያ ርካሹ ብራንድ አይረባም።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ውድ ያልከው ቲንክፓድ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አንብባት።

ልጅ፦ ሌኖቮ! ርካሹም ሌኖቮ ነው እኮ።

ጋሼ፦ አየህ? ርካሹ አይዲያፓድ ነው፤ ለቤት የተሠራ። ዴልም እስከ ፈረንጆቹ 2025 ድረስ ኢንስፓይሮንን ለቤት፣ ላቲቲዩድን ለመሥሪያ ቤት ብሎ ነበር የሚሸጠው። በመቶ የሚገዛ ድርጅት በየወሩ ጥገና አይፈልግማ። ስለዚህ ቀፎው ይጠነክራል፣ መለዋወጫው ለዓመታት ይገኛል፤ ቲንክፓድማ አፈታቱን የሚያሳየው መመሪያ እንኳ ለማንም ክፍት ነው። እኔ ለዚህ እወደዋለሁ። ስሙንም ቢሆን ሌኖቮ አልፈጠረውም፤ በፈረንጆቹ 1992 ያወጣው አይቢኤም ነው። በ2005 የኮምፒውተር ንግዱን ለሌኖቮ ሲሸጥ ስሙም አብሮ ሄደ።

ልጅ፦ ፋብሪካው አንድ ነው የሚሉትስ?

ጋሼ፦ አልዋሹም። ኳንታና ኮምፓል የሚባሉ የታይዋን ኩባንያዎች ለብዙ ብራንድ ይሠራሉ። ልብስ ሰፊው አንድ ቢሆንም ጨርቁን የሚያመጣው ደንበኛው ነው። ደሞ ኮር አይ 5 ሁሉ አንድ እንዳይመስልህ፤ ትውልዱን ጠይቅ፣ ከቁጥሩ ኋላ ያለችውንም ፊደል እይ። «ዩ» ቆጣቢው ነው፣ «ኤች» ኃይል ይበላል፣ ግን ይፈጥናል።

ልጅ፦ አፕልስ ጋሼ?

ጋሼ፦ የእሱ ገበያ ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ የራሱ፣ ከ2020 ወዲህ ከኤም1 ጀምሮ ፕሮሰሰሩም የራሱ። እሱን የለመደ ሰው ሌላ ሱቅ ሄዶ ዋጋ አያወዳድርም። ባትሪው ይቆያል፣ አልክድም። ራሙን ግን ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ ስለሚያሽገው፣ ኋላ ልጨምር ብትል የለም፤ ገና ስትገዛ እነሱ በቆረጡት ዋጋ ትጨምራለህ። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ልጅ፦ ታዲያ የቱን ልግዛ? ብሬ ለአይዲያፓዱ ብቻ ነው የሚበቃው።

ጋሼ፦ በዚያው ብር ያገለገለ ቲንክፓድ ወይ ላቲቲዩድ ፈልግ።

ልጅ፦ ያገለገለ? ጓደኞቼ አዲስ ነው የያዙት።

ጋሼ፦ አንዷ ጓደኛህ ያመጣችው አዲስ ያ መደርደሪያ ላይ ማጠፊያ ይጠብቃል። ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እንሂድ። ባትሪውን እኔ ሳላየው ግን ቀብድ እንዳትሰጥ።