የመስኖ ውሃ ወደ መጠጥ ውሃ እንዳይመለስ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለድንችና ለጓሮ አትክልት መድኃኒት ሲረጭ በርሜሉ ከቦኖ በጎማ የሚሞላ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አደጋው
የጎማው ጫፍ በርሜሉ ውስጥ ጠልቆ ሳለ በታች በኩል ቧንቧ ቢሰበር ወይም ውሃ ቢቋረጥ፣ መስመሩ መድኃኒት ያለበትን ውሃ ወደ ኋላ ይስባል። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ የሚጠጣው የመንደሩ ሕዝብ ነው።

መከላከያው
1. የጎማው ጫፍ ከበርሜሉ አፍ በላይ ይታሠር። ክፍተቱ የጎማው ቀዳዳ ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ግን አይነስ።
2. መድኃኒት ቦኖ ወይም ምንጭ አጠገብ አይበጥበጥ።
3. የመስኖ ፓምፕ ከመጠጥ ውሃ መስመር ጋር አይያያዝ።
4. ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት በመስኖ ቧንቧ የሚሰጥ ከሆነ ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቫልቭ ይገጠም።

ፍተሻ
በየዓመቱ መስኖ ከመጀመሩ በፊት ንጹሕ ውሃ ብቻ ወደ ማሳው ይገፋ፤ ከዚያም ፓምፑ ይጥፋ። ማሳው ከፍ ያለ ከሆነ ከቫልቩ በፓምፑ በኩል ያለው ቧንቧ ይፈታ። መንጠባጠቡ ካላቆመ ቫልቩ አልዘጋምና ይጽዳ ወይም ይለወጥ።

ፈቃድ
የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል። ባሕላዊ መስኖና በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ማኅበሩ ሌላ ዓይነት መስኖ ካሰበ ግን ፓምፕ ከመግዛቱ በፊት የወረዳውን ውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ።

ለልማት ሠራተኛው
ውሃ የሞላ ጎማ አንዱን ጫፍ ባልዲ ውስጥ ነክረው ሌላውን ዝቅ ያድርጉ፤ ባልዲው ይጎድላል። የተነከረውን ጫፍ ከውሃው በላይ ሲያነሡት መሳቡ ያቆማል። ገበሬው ይህን በዓይኑ ይይ።